ኪንሻሳ የተባለው ጉልበት

ጃፓናዊው ሬስለር ሺንሱኬ ናካሙራ፣ የሚጥልበት ምትና ከአፍሪካ የወረሰው ስም

ከደሴ ተነስቶ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ የደቡብ ወሎን ደጋ አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ደጋ ላይ ከብት የሚያግድ ልጅ ሜዳ ሳይከራይ፣ ማሊያ ሳይገዛ የሚጫወተው አንድ ስፖርት አለው፤ ትግል። ሁለት እረኞች ይተናነቃሉ፣ አንደኛው እግሩን አስገብቶ ይጠልፋል፣ የተጠለፈው ጀርባው ሳር ከነካ አለቀ፣ ወድቋል። ዳኛው ዙሪያውን የቆመው ልጅ ሁሉ ነው። አሸናፊው ታዲያ ዝም ብሎ ወደ ከብቶቹ አይመለስም። ዱላውን ብድግ አድርጎ "ዘራፍ!" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። በግራ እግሩ እየጠለፈ የሚጥል ከሆነም መንደሩ ሁሉ ያውቅለታል። "ግራ እግሩን ጠብቅ!" ይባላል ቀጣዩ ተጋጣሚ።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የድሮ ጀግና ወላጆቹ ባወጡለት ስም ብቻ ወደ ጦር ሜዳ አይወጣም ነበር፤ የፈረስ ስም ነበረው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል "አባ ሻንቆ" ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፤ ደጃዝማች ባልቻ "አባ ነፍሶ"። ስሙ ሲጠራና ፉከራው ሲሰማ ወዳጅ ይሞቀዋል፣ ጠላት ይበርደዋል። ሰውየው ያው ነው፤ ሜዳ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

በቪዲዮ ካሴት ዘመን የከተማ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩት የነበረው፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ የሚከታተሉት ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ መሠረቱ እነዚሁ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስም፣ ፉከራና አጣጣል። ሦስቱን አንድ ላይ አዋህደው ከያዙት የዘመናችን ሬስለሮች አንዱ ጃፓናዊው ሺንሱኬ ናካሙራ ነው። ናካሙራ ባላንጣውን የሚጨርስበት የጉልበት ምት ስሙ "ኪንሻሳ" ይባላል።

አንድ ጃፓናዊ አሜሪካ ሄዶ የሚማታበት ምት በኮንጎ ዋና ከተማ ስም የሚጠራው ለምንድነው? መልሱ ከ50 ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ሌሊት ይወስደናል።

"ቦማ ዬ!"

ኦክቶበር 30 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ዛየር ደግሞ የኳስ ዓመቷ ደስታና ኀዘን የተቀላቀለበት ሆኗል። በዓመቱ መጀመሪያ ግብፅ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ በላች፤ በክረምቱ ጀርመን ላይ በዓለም ዋንጫ በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ተቀጣች። በዚያው ዓመት ነው የኪንሻሳ ስታዲየም መሐመድ አሊንና ጆርጅ ፎርማንን ያስተናገደው።

ፎርማን 25 ዓመቱ ነው፣ ማንም አላሸነፈውም። አሊ 32 ሆኖታል፣ አብዛኛው ሰው አብቅቶለታል ብሏል። የኪንሻሳ ሕዝብ ግን ከአሊ ጋር ነበር። በሊንጋላ ቋንቋ "አሊ፣ ቦማ ዬ!" እያለ ሌሊቱን በጩኸት አናጋው። "አሊ፣ ግደለው!" ማለት ነው። አሊ ገመዱን ተደግፎ እየተመታ ፎርማንን አደከመውና በ8ኛው ዙር ዘረረው። ጩኸቷ ግን እዚያ አልቀረችም፤ አሊን ተከትላ ብዙ አገር ዞረች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ጁን 26 ቀን 1976፣ አሊ ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ነበር። ያ ዓመት አዲስ አበባና ድሬዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ ያስተናገዱበት ነው። የቶኪዮው ፍልሚያ ስድስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያዊው ፓኔንካ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ቤልግሬድ ላይ በረኛውን አታሎ ኳሷን መሀል ለመሀል ቀስ አድርጎ ላካት። ኳስ አፍቃሪ ይሄን ታሪክ ያውቀዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ፍጹም ቅጣት ምት የሰውየውን ስም ይዞ ቀርቷል። ቶኪዮ ላይም አንድ ስም ሊሻገር ነው።

የአሊ ተጋጣሚ ቦክሰኛ አልነበረም። ረጅም አገጭ ያለው ጃፓናዊ ሬስለር አንቶኒዮ ኢኖኪ ነው። ኢኖኪ ዮኮሃማ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ብራዚል የተሰደደ፣ ቡና እርሻ ላይ የሠራ ሰው ነው። እዚያ አግኝቶ ወደ ጃፓን የመለሰው ሪኪዶዛን ነበር። ሪኪዶዛን ማለት በ1950ዎቹ ጃፓናውያን አደባባይ በተተከለ ቴሌቪዥን ፊት በሺህ ተሰልፈው ያዩት የነበረ ሬስለር ነው። አንድ ቴሌቪዥን ከበው አርሴናልና ማንቼን ለሚያዩ የእኛ አገር ደጋፊዎች ነገሩ አይጠፋቸውም። ኢኖኪ በ1972 "ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ" የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሕልሙ አንድ ነበር፤ ሬስሊንግ የቲያትር ጨዋታ ሳይሆን የፍልሚያዎች ሁሉ ቁንጮ መሆኑን ማሳየት። ለዚህም ዓለም የሚያውቀውን ትልቁን ቦክሰኛ ጠራ።

ፍልሚያው አስቂኝ ሆኖ ቀረ። ሕጉ ኢኖኪን ብዙ ነገር ከለከለው፤ እሱም መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ 15 ዙር ሙሉ የአሊን እግር ሲረግጥ አመሸ። ውጤቱ አቻ ተባለ። ተመልካቹ በቁጣ ጮኸ፣ ጋዜጦችም ተሳለቁ። የአሊ እግር ግን አልሳቀም። አብጦና ደም ቋጥሮ ሕክምና አስፈለገው። ዛሬ ላይ ያንን ምሽት የቅይጥ ማርሻል አርት አያት አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አሊና ኢኖኪ ወዳጅ ሆኑ። የአሊ የነበረው የ"ቦማ ዬ" ዜማም ለኢኖኪ ተላለፈ፤ "ኢኖኪ ቦምባዬ" ተብሎ ወደ ሪንግ ሲገባ የሚሰማ ሙዚቃው ሆነ። የኪንሻሳ ሕዝብ ጩኸት የጃፓን ሆኖ ቀረ።

የ23 ዓመቱ ሻምፒዮን

ሺንሱኬ ናካሙራ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1980 ኪዮቶ ግዛት ውስጥ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትግል ስፖርተኛ ነበር። ኦገስት 2002 የኢኖኪ ልጆች በሆኑት በኒው ጃፓን ቤት፣ አሊና ኢኖኪ በተፋለሙበት በዚያው ቡዶካን አዳራሽ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ሬስለሮቹን ወደ እውነተኛው የቅይጥ ማርሻል አርት ፍልሚያ ይልክ ነበር፤ ውጤቱ ያልተወሰነ፣ የሚወድቀው የእውነት የሚወድቅበት። ናካሙራም ከአራት ወር ገደማ በኋላ ለዓመቱ የመጨረሻ ቀን ፍልሚያ ተላከ። የዝግጅቱ ስም ማን ነበር? "ኢኖኪ ቦምባዬ"። ዳንኤል ግሬሲ እጁን ጠምዝዞ አሸነፈው። ስሟን በሽንፈት ነው የተዋወቃት ማለት ይቻላል።

ልጁ ግን ተስፋ የሚጣልበት ነበር። ዲሴምበር 2003 ሂሮዮሺ ቴንዛንን ጥሎ የአይ ደብሊው ጂ ፒ የከባድ ሚዛን ቀበቶን ወሰደ። 23 ዓመቱ ነበር፤ ቀበቶውን በዚያ ዕድሜ የያዘ ከሱ በፊት አልነበረም። ኳስ ላይ 17 ዓመት ልጅ ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ የሚሆነውን ማሰብ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ከቤላሩሳዊው አሌክሲ ኢግናሾቭ ጋር በእውነተኛ ፍልሚያ ተገናኘ። ኢግናሾቭ በጉልበት መታውና ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመው። በኋላ ይግባኝ ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፤ በሜይ 2004 በድጋሚ ሲገናኙም ናካሙራ አንቆ አሸነፈው። ጉልበት ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ግን ከማንም በላይ ያወቀ ሰው ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። ጉዳት ቀበቶውን አስለቀቀው። አብሮት ያደገው ሂሮሺ ታናሃሺ፣ ጸጉሩን የሚያበጥር፣ ለተመልካች በባዶ እጁ ጊታር የሚመታ መስሎ የሚጫወት ቆንጆ ጀግና፣ የቤቱ ፊት ሆነ። ናካሙራ ጎበዝ ነበር፣ ጠንካራም ነበር። የፈረስ ስም ግን አልነበረውም።

ሲንቀጠቀጥ የሚያስፈራ ሰው

ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ2009 "ኬኦስ" የተባለውን ቡድን መሠረተና ወደ ክፉ ገጸ ባሕሪ ተጠጋ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የጉልበት ምቱን መጨረሻ አድርጎ ያዘው፤ ስሙንም ለአባቱ ለኢኖኪ ክብር "ቦማ ዬ" አለው። ከ2011 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሪንግ ላይ የሚታየው ሰው ሌላ ሆነ። ጸጉሩን በጎን ተላጨ፣ ቀይ ቆዳ ለበሰ። ወደ ሪንግ ሲገባ ሰውነቱ አጥንት የሌለው ይመስል ይወዛወዛል፣ እጁን ያንቀጠቅጣል፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ ጭንቅላቱ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ያየ ሰው ማይክል ጃክሰን ትዝ ይለዋል። ሲያሸንፍ ማይክ ይይዝና "ኢያኦ!" ይላል። ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። "ዘራፍ" ማለትስ ምን ማለት ነው? ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም፤ ሲሰማ ግን ጸጉር ያቆማል።

ሰውየውን አስፈሪ ያደረገው ይሄው ልፍስፍስነቱ ነው። ሌላው ሬስለር ጡንቻውን ያሳያል፣ ይጮኻል፣ ደረቱን ይደቃል። ናካሙራ ሰካራም መስሎ ይንገዳገድና ድንገት እግሩ ይወነጨፋል። ባላንጣውን ጥግ ላይ ያስቀምጥና የጫማውን ሶል አንገቱ ላይ አድርጎ ራሱን ያንቀጠቅጣል፤ ምቱ ቀላል ነው፣ ንቀቱ ግን ከባድ ነው። ከኋላ አንስቶ ወደ ፊት ይደፋዋል። ወድቆ ሲነሳ ጥግ ይሄዳል። እዚያ ላይ ገመዱን ይዞ ሰውነቱን ሲያንዘፈዝፍ አዳራሹ ሁሉ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ባላንጣው ብቻ ነው የማያውቀው። ሮጦ ይመጣና ጉልበቱ አገጭ ላይ ያርፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

በአማርኛችን "ጉልበት" ማለት ኃይልም ነው፣ የእግር መታጠፊያም ነው። ለናካሙራ የሚስማማ ቃል ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ውጤቱ በቀበቶ ታየ። ከ2012 ጀምሮ የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶን አምስት ጊዜ ያዘ። ይሄ ቀበቶ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በጃኑዋሪ 4 ቀን 2014 ግን የቶኪዮ ዶም የዓመቱ ትልቅ ዝግጅት መዝጊያ የትኛው ፍልሚያ ይሁን ተብሎ ደጋፊው ድምፅ ሲሰጥ፣ የዓለም ቀበቶው ፍልሚያ ቀርቶ የናካሙራና የታናሃሺ ተመረጠ። የኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ከቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በላይ ተመልካች ሲጠራ እንደማለት ነው። ቀበቶው ሰውየውን አላከበረውም፤ ሰውየው ነው ቀበቶውን ያከበረው።

ባሕር የተሻገረ ስም

በጃኑዋሪ 2016 ናካሙራ ከኒው ጃፓን ተሰናበተ። ኤፕሪል 1 ቀን ዳላስ ላይ የደብሊው ደብሊው ኢ ታዳጊ መድረክ በሆነው ኤንኤክስቲ ከሳሚ ዜይን ጋር ተገጠመ። የቫዮሊን ሙዚቃው ሲጀምር አሜሪካዊው ተመልካች እንደ ስታዲየም ዝማሬ ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህም በሄደበት ሁሉ ዜማው በሕዝብ አፍ ይዘመራል። ዜይንን የጣለው በዚያው ጉልበት ነው፤ ስሙ ግን ተቀይሯል። "ቦማ ዬ" ቀርቶ "ኪንሻሳ" ሆኗል። የተቀየረው ስም ነገሩን ወደ ምንጩ መለሰው። ጩኸቷ ኪንሻሳ ተወልዳ፣ ቶኪዮ ላይ ዜማ ሆና፣ ከዚያ ምት ሆና፣ አሜሪካ ስትደርስ የትውልድ ከተማዋን ስም አወጣች።

አሜሪካ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ኤንኤክስቲን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በጃኑዋሪ 2018 ፊላዴልፊያ ላይ 30 ሰው የሚገባበትን ሮያል ራምብል ወስዶ በሬስልማኒያ ለዓለም ቀበቶ ተጫወተ፤ በኤጄ ስታይልስ ተሸነፈ። ከሽንፈቱ በኋላ ተንበርክኮ ያከበረው መስሎ ኤጄን ከወገብ በታች መታውና ክፉ ሆነ። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው "እንግሊዝኛ አልችልም" ብሎ ማሾፍ ያዘ፣ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። የዩናይትድ ስቴትስንና የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶዎችን ወሰደ። ዋናው የዓለም ቀበቶ ግን በዚያን ጊዜ አመለጠው። ደጋፊዎቹ እስከዛሬ በዚህ ይቆጫሉ።

"ውሸት ነው" ለሚሉ

እዚህ ላይ ኳስ አፍቃሪው አንድ ጥያቄ ያነሳል። "ሬስሊንግ እኮ ውሸት ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል!" እውነት ነው፣ ውጤቱ የተወሰነ ነው። ወለሉ ግን ወለል ነው፣ አንገትም አንገት ነው።

ጁን 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ላይ የሆነውን የጃፓን ሬስሊንግ አፍቃሪ አይረሳውም። ሚትሱሃሩ ሚሳዋ የዘመኑ ታላቅ ሬስለር ነበር፤ "ኖአ" የተባለውን ድርጅት ያቋቋመም እሱ ነው። ለዓመታት በአንገቱ ላይ ወድቋል፣ ሌሎችንም እንደዚያው ጥሏል። የዚያን ቀን ከኋላ ተነስቶ በጀርባው ሲጣል፣ ከዚያ በፊት በመቶዎች ጊዜ የተጣለበት አጣጣል ነው፣ ሳይነሳ ቀረ። 47 ዓመቱን ለመድፈን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። የግጥሚያው ውጤት በስክሪፕት ነበር፤ ሞቱ አልነበረም።

ናካሙራም ይሄንን በራሱ እጅ አይቶታል። ኦገስት 1 ቀን 2017 ከጆን ሲና ጋር ሲገጥም ሲናን አንስቶ ሲጥለው አጣጣሉ ተበላሸና ሲና በአንገቱ ወደቀ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሲና ተነሳ፣ ግጥሚያውም በኪንሻሳ አለቀ፤ ነገር ግን ናካሙራ ሲናን ይቅርታ ሲጠይቀው ካሜራ አየው። ለአንድ አፍታ ያ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ጠፍቶ አንድ የደነገጠ የሥራ ባልደረባ ብቻ ታየ።

የሬስለር ሙያ እዚህ ላይ ነው ያለው። ጉልበቱን አገጭ ላይ ሲያሳርፍ ተመልካቹ "ሞተ!" ማለት አለበት፤ የተመታው ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን መብላት አለበት። በሁለቱ መሀል ያለችው ክፍተት የጣት ስፋት ናት። በኳስ ሜዳ አጥቂው ስቶ ቢመታ ኳሷ ወደ ውጪ ትወጣለች። እዚህ ስህተቱ የሰው አንገት ላይ ነው የሚያርፈው።

የጌታውን መርዝ የቀማ

ኢኖኪ ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በ79 ዓመቱ አረፈ። ከሬስሊንግ ውጪም ብዙ ኖሯል፤ በ1989 የጃፓን ፓርላማ አባል ሆኗል፣ በ1990 ባግዳድ ሄዶ በሳዳም ሁሴን መንግሥት የተያዙ ጃፓናውያን እንዲለቀቁ ደክሟል። "ስም ከመቃብር በላይ ነው" እንዲሉ፣ እሱ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ የሆነው ነገር ይሄንን መሰከረ።

ጃኑዋሪ 1 ቀን 2023፣ ያው ቡዶካን። ሚሳዋ ያቋቋመው ኖአ ናካሙራን ከአሜሪካ ተውሶ ከግሬት ሙታ ጋር አጋጠመው። ግሬት ሙታ የኬይጂ ሙቶ ሁለተኛ ሰውነት ነው፤ ሙቶ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ሙታ ይሆናል። ከአፉ ባላንጣው ዓይን ላይ ባለ ቀለም ጭጋግ ይረጫል፤ የኢኖኪ ቤት ልጅ ነው፣ ሊሰናበት ሳምንታት ቀርተውታል። የሬስሊንግ ፈረስ ስም ምን ማለት እንደሆነ በጃፓን ምሳሌ ይጠራ ቢባል ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው።

በመጨረሻው ደቂቃ ሙታ አፉን በጭጋጉ ሞልቶ ሊረጭ ሲዘጋጅ ናካሙራ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። አንገቱን ይዞ ሳመው። ጭጋጉን ከአፉ ቀምቶ መልሶ ራሱ ሙታ ፊት ላይ ረጨው። አዳራሹ ሳቅና ጩኸት ተቀላቀለበት። ከዚያ ወደ ጥግ ሄደ፣ ሰውነቱን አንዘፈዘፈ፣ ሮጠ። ኪንሻሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቡዶካን አዳራሽ አሊና ኢኖኪ የተፋለሙበት፣ የ22 ዓመቱ ናካሙራም ሀ ብሎ የጀመረበት ነው። ከኪንሻሳ የተነሳችው ጩኸት በ49ኛ ዓመቷ ወደዚያው ቤት በጉልበት ተመልሳ ገባች።

የመካነ ሰላሙ እረኛ ኪንሻሳን አያውቅ ይሆናል፤ ናካሙራንም በስልክ ካላየው በቀር አያውቀውም። ግን ጓደኛውን ጥሎ ዘራፍ ሲል ከዳር የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው። "በምን ጣለው?" ይባላል። "በግራ እግሩ!" ይላሉ ያዩት። እግሩን ያላየ ታናሽ ወንድሙም ነገ በግራ እግሩ ሊጠልፍ ይሞክራል።